የጎረቤት ኮምፒውተር

አንድ በር ሠሪ ነበረ። ምንተስኖት፣ ለብረት መቁረጫው ማሽን ኮምፒውተር ምን ልጫንበት፣ ከቢሮዎቹስ ኮምፒውተር ለምን ያንሳል ብለህ ጠይቀኸኛል፤ መልሱ እዚህ ሰውዬ ላይ ነው።

ሰውየው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ነበረው። ማሽኑን የገጠመለት ባለሙያ የኮምፒውተሩን ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ እጅግ አሳንሶ ነው የጫነው። ማሽኑን ከሚያዘው ፕሮግራም በቀር ዘፈንም ኢንተርኔትም የለበትም። ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት ቁጥሮች ይታያሉ። ማሽኑ ግን ስቶ አያውቅም።

ከአጥሩ ማዶ ሌላ በር ሠሪ አለ። ሙያውን አብረው ተምረዋል፣ ማሽኑም አንድ ዓይነት ነው። የጎረቤቱ ኮምፒውተር በሰፊ ስክሪን በሮችን እያዞረ ያሳያል፤ ሙዚቃም ያጫውታል። ደንበኞች እዚያ ሲስቁ ሰውየው በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። የሚስቁት በእሱ ይመስለዋል። ሚስቱ «ሥራ አላጣህ፣ ምን ጎደለህ?» ስትለው «እሱ በምን ይበልጠኛል?» ይላል። ምሳውን እንኳ ወደ አጥሩ ዞሮ ነበር የሚበላው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የዋንዛ ሳንቃ አመጡ። ዛፉን የተከሉት አባታቸው ናቸው፤ ለልጃቸው ቤት በር እንዲሆን ፈልገዋል። «ሌላ የለኝም ልጄ፣ አደራ» ብለው ሄዱ።

ያን ሰሞን ሰውየው ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን አስጠፍቶ፣ ከማሽኑ ፕሮግራም ጋር ማዶ ያየውን ሁሉ አስጫነበት፤ ኢንተርኔትም አስገባለት። ዘፈኑን ጎረቤት እንዲሰማው ከፍ አድርጎ ሳንቃውን ማሽኑ ላይ አሰረ። ቅርጹ ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ከኢንተርኔት ማሻሻያ ማውረድ ጀመረ። ለማሽኑ የሚልከው ትእዛዝ ለቅጽበት ተቋረጠ። ሞተሩ ቦታውን ሳተ፤ መቁረጫው ሳንቃውን እስከ ዳር ቦረቦረው።

ሰውየው ጎረቤቱ ዘንድ ገባ።

«ያንተ ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንዴት አይስትም?»

ጎረቤቱ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የብረት ሳጥን ከፈተ። ውስጡ ሌላ ኮምፒውተር አለ፤ ጥቁር ስክሪን፣ ጥቂት ቁጥሮች።

«ማሽኑን የሚያዘው ይሄ ነው። የሚዘፍነው ለእንግዳ ነው፤ ከማሽኑ ጋር አልተገናኘም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ የምትጎበኘኝ በአጥር ቀዳዳ ነው። ይሄንንም ያንተን አይቼ ነው ያስጫንኩት። የእኔ ሲስት ያንተ አይስትም ነበር፤ ቀናሁ። ባለሙያህን ጠርቼ እንደሱ አድርግልኝ አልኩት።»

ሽማግሌው መጡ። ሳንቃውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አሸክመውም ሄዱ።

እንግዲህ ምንተስኖት፣ የቢሮዎቹ ኮምፒውተሮች ለእንግዳ የተቀመጠው ስክሪን ናቸው፤ ያንተው ግን የብረት ሳጥኑ ውስጥ እንዳለው ነው። እነሱ ቢዘገዩ ጸሐፊዋ ትጠብቃለች። ያንተ ቢዘገይ መቁረጫው አይጠብቅም። ማሽኑ የሚፈልገውን ብቻ ጫን፤ ኢንተርኔቱን ንቀል። ቅናቱ አልለቅ ካለህ ጠረጴዛህ ላይ የሚዘፍን ሌላ አስቀምጥ፤ ሰው አምኖ የሰጠህን ዕቃ ግን በእሱ አትቁረጥ።