የውድነሽ ልጅ ክርስትና እናት

በአንድ ወቅት እላለሁ እንጂ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት በሚበቅልበት አገር፣ በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ ሦስት ነርሶች ነበሩ፤ ትርንጎ፣ ባንቺአየሁና እናኑ። ሦስቱንም ስለ መርዝ ያስተማሯቸው ሲስተር እልፍነሽ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀልድ የማይወዱ ሴት ናቸው። ትምህርታቸው መርዙን በዓይን መለየት፣ ከገላ ላይ ማውረድና በመድኃኒት ማርከስ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። «ራሳችሁን ሳትጠብቁ መርዝ የነካውን ሰው አትንኩ። አንድ በሽተኛ መጣ ብላችሁ ሁለት አታድርጉት» ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በጽጌረዳው እርሻ የመርጫ ቱቦ ፈነዳና የተባይ መድኃኒቱ ውድነሽ በምትባል ሠራተኛ ላይ ተደፋ። ውድነሽ መውለጃዋ የተቃረበ ነፍሰ ጡር ናት። ብቻዋን ነበረችና ያየ የለም። ወድቃ ያገኟት ዘመዶቿ ልብሷ መርጠቡን ሲያዩ የሽርት ውኃዋ ፈሰሰ አሉ። ሽታውም ቢሆን እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚሸተው ነው። ብርድ እንዳይመታት ብለው በእርጥብ ልብሷ ላይ ጋቢ ደራርበው ጠቀለሏት፤ ሳያውቁት መርዙንም ከገላዋ ጋር ጠቀለሉት። ባሏ ገረመው አቅፏት በጋሪ ወደ ጤና ጣቢያው ይዟት መጣ።

ያያት ሁሉ የእርግዝና ግፊት ነው አለ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አረፋ ይደፍቃታል፤ ሌላ ምን ይባላል? የግፊቱን መድኃኒት ሊሰጧት ሲሯሯጡ ትርንጎ ጎንበስ ብላ ዓይኗን አየች። ብሌኗ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ላቧና ምራቋ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ሥጋዋ በየቦታው ይርገበገባል። «ግፊት አይደለም፤ መርዝ ነው» አለች። ወዲያው በሽተኛዋ ከግቢው አልፋ ወደ ክፍሎቹ እንዳትገባ አደረገችና ሊያቅፋት የተከተለውን ዘመድ ሁሉ ከውጭ አስቀርታ የግቢውን በር ዘጋች፤ በክፍሎቹ ሌሎች በሽተኞች ተኝተዋልና። ገረመው በሩን እየደበደበ ሲያለቅስ እንኳ ልብሱን አውልቆ ከውጭው ቧንቧ ሥር እንዲታጠብ አዘዘችው እንጂ አልከፈተችለትም። እሷ ባትኖር ውድነሽ የሌላ በሽታ መድኃኒት እየተሰጣት ትሞት ነበር።

አሁን መርዙ ከገላዋ መውረድ አለበት። ወፍራሙ ጓንትና የላስቲክ ሽርጡ ያለበት ክፍል ግን ተቆልፏል፤ ዕቃ ጠባቂው ለቅሶ ሄዷል፣ እንደ ልማዱም ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሄዷል። የሲስተር እልፍነሽ ሕግ ቆዪ ይላል፤ የውድነሽ ትንፋሽ ደግሞ እየተቆራረጠ ነው። ባንቺአየሁ ጋቢውን በባዶ እጇ ገፈፈችው፣ ልብሷንም በመቀስ ቀዳ ራቁቷን አስቀረቻት። አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል አይተው ነውር ነው ብለው ተቆጡ። «አባባ፣ ነውሩን እኔ እወስደዋለሁ፤ እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ» አለቻቸው። ከዚያም በሳሙናና በውኃ ከፀጉሯ እስከ እግሯ ጥፍር ደጋግማ አጠበቻት። የውድነሽ ገላ ሲጠራ የባንቺአየሁ ዓይን መፍዘዝ፣ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ማርከሻው በእናኑ እጅ ነው፤ ያውም ጥቂት ብልቃጥ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ወግቶ ይጠብቅ ነበር። እናኑ ግን ማዳመጫዋን የውድነሽ ደረት ላይ አድርጋ፣ የሳንባዋ እርጥበት እንዲደርቅ ደጋግማ ወጋቻት። የመጨረሻው ብልቃጥ ሲቀር የተጠራው አምቡላንስ ገና መንገድ ላይ ነበር። እናኑ በሁለቱ መካከል ቆመች። ከባንቺአየሁ ጋር አንድ ቤት ተከራይተው እንደ እህት የሚኖሩ ናቸው።

«ታይኛለሽ?» አለቻት።

«ብዥ ይልብኛል» አለች ባንቺአየሁ።

መናገር የምትችለው ትቆያለች ብላ እናኑ ብልቃጡን ለውድነሽ ሰጠች።

ሁለቱም ተረፉ። ውድነሽም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። የባንቺአየሁ ጣቶች ግን እንደ ድሮው አልሆኑም፤ መርፌ መያዝ ስላቃታት ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። ብልቃጡ ለእሷ ቢሆን ኖሮ ጣቶቿ ይድኑ ነበር ወይ? የሚያውቅ የለም። እናኑ ይህን ጥያቄ ይዛ ትተኛለች፣ ይዛው ትነሳለች።

እንግዲህ ውድነሽ ጣር ላይ ሳለች ተስላ ነበር፤ ነፍሴን ያተረፈች ሴት፣ ልጄን ክርስትና ታንሳልኝ ብላ። ክርስትና እናት ደግሞ አንዲት ናት። ስለ ሕፃኗ ቃል ትገባለች፣ ወላጅ ቢያልፍ እናት ትሆናታለች፣ ከቤተሰቡም ጋር እስከ መቃብር አበልጅ ናት። ሦስቱም ነርሶች አልወለዱም፤ ሦስቱም ሕፃኗን ይመኟታል።

ገረመው ይፍረዱን ብሎ ሲስተር እልፍነሽ ዘንድ ሄደ። ሴትዮዋም «ባንቺአየሁ ሕጌን ጣሰች፤ ባትጥሰው ልጅቷ የለችም። እናኑ መርዙ ከታጠበ በኋላ ነክታ ሕጌን ጠበቀች፤ እንቅልፍ ግን የላትም። ትርንጎ ለሁለቱም መንገድ ከፈተች፤ እጇ ግን በሽተኛዋን አልነካም። እኔ ማስተማር እንጂ ይህን መፍረድ አልችልም» ብለው መለሱት።

በሰማንያ ቀኗ ሦስቱም ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ቆሙ። ትርንጎ «ዓይኔ ባያይ ኖሮ የእናንተ እጅ ምን ይሠራ ነበር?» አለች። እናኑ አንገቷን ደፍታ «ለውድነሽ የሰጠኋት የጓደኛዬን ድርሻ ነው። ዛሬ ለባንቺአየሁ ይሁን ብል፣ ያን ቀን ተሳስቻለሁ ማለት ይሆንብኛል» አለች። ባንቺአየሁ ግን ሕፃን ትጥላለች ብለው እንዳይፈሯት የሚንቀጠቀጡ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ቄሱ የምታነሳት ትቅረብ አሉ። ውድነሽ ልጇን ታቅፋ ሦስቱንም በየተራ አየች፤ ክንዷን ግን ገና ለአንዷም አልዘረጋችም።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ውድነሽን ብትሆኑ ልጃችሁን በማን ክንድ ላይ ታኖራላችሁ?