እግሩ ያልተቆጠረው እንግዳ

ተረት ይዣለሁ፤ «ወዲህ በለው!» በሉኝ። ስትሰሙም ጣታችሁን እያጠፋችሁ ቁጠሩ። መቁጠር የጎዳው ሰው እስካሁን አላየሁም።

ዕቃ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ በአንዲት የገበያ ከተማ፣ በፍርድ ቤቱ በር አጠገብ፣ አቶ ዘርጋው የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ያላቸው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ሁሉን አቅፋ የያዘች ማዘርቦርድ ትኖር ነበር። ደረቷ ላይ የሚያስብላት ሽማግሌ ፕሮሰሰር ተቀምጧል። እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮቹ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ እግር እሷ ዘንድ አንድ ቀዳዳ አለው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከሳጥኑ ኋላ ደግሞ አንዲት አይጥ ነበረች።

ሽማግሌው ፕሮሰሰር ከዓመት ዓመት እየዘገየ መጣ። አንድ ማመልከቻ እስኪከፍት ባለጉዳዩ ሁለት ጊዜ ያዛጋል።

«አያ፣ አሳፈርከኝ እኮ! የጎረቤት ማሽን ሦስት ሲያወጣ እኛ አንድ!» አለችው ማዘርቦርድ።

«እህቴ፣ ቀስ እላለሁ እንጂ ጥዬሽ አላውቅም» አላት።

አልሰማችውም። ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍት ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ የዓመቱ እንጀራ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። «አቶ ዘርጋው፣ አዲስ ፕሮሰሰር ያምጡልኝ! ትልቁን፣ ፈጣኑን!» አለች።

አይጥ ጢሟን ብቅ አደረገች። «እመቤት፣ እኔ ጉድጓድ ከመግባቴ በፊት በጢሜ እለካለሁ። የሚመጣውን እግሩን አስቆጥሪ።»

«አንቺ ጅራታም! ሽቦ ስትቆረጥሚ ኖረሽ ዛሬ አማካሪ ሆንሽ?»

አቶ ዘርጋው ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ «ለየትኛው ማዘርቦርድ ነው? ስሟ እላይዋ ላይ ተጽፏል፤ አንብበው መጡ?» አላቸው።

«አንተ ትልቁን ስጠኝ እንጂ!» አሉት።

ትልቁ መጣ። ማዘርቦርድ ብልጭታውን አይታ ደስ አላት። ሽማግሌው ከደረቷ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከመንገድ «ቆራሌው! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አይጥ ለሁለተኛ ጊዜ ብቅ አለች። «አዲሱ ሳይቀመጥ አሮጌው ከቤት አይውጣ!»

«ሁለት ባል ላንድ ቤት?» ብላ ሳቀችባት ማዘርቦርድ።

አቶ ዘርጋው ሽማግሌውን ለቆራሌው ሰጥተው ቀይ የፕላስቲክ ጆግ ተቀበሉ። ሽማግሌው ከጆንያው አፍ ላይ ሆኖ፣ «ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ቀዳዳዎችሽን አደራ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው» አላት።

አዲሱን አስቀመጡት፤ ተንጋደደ። አዙረው አስቀመጡት፤ ተንጋደደ።

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ እግር አለኝ፤ የት ላድርገው?» አለ አዲሱ።

አይጥ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለች። «እኔ አንገቴ እምቢ ሲል እመለሳለሁ። አትግፉት!»

«ይግፉት!» አለች ማዘርቦርድ።

አቶ ዘርጋው በአውራ ጣታቸው ገፉት። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! እግሮቹ ውኃ እንደተኛበት ሣር ተጣጠፉ። ወደ ሱቅ ቢመልሱት ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። «አንብበው መጡ ወይ ብዬ ነበር። እግሩ የታጠፈ አልቀበልም።»

ፍርድ ቤቱ ተከፈተ። ባለጉዳይ ጎረፈ። አቶ ዘርጋው በእስክሪብቶ አንድ ሲጽፉ ጎረቤት አምስት አወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ዋለ። ማዘርቦርድ የሚያስብላት አልነበረም። መጸጸት ግን ያለ ፕሮሰሰርም ይቻላል።

ቆራሌው ተመልሶ ሲያልፍ ጠራችው። «ወንድሜ፣ ጆጉን ውሰድና ሽማግሌውን መልስልኝ!»

«እናቴ፣ ከድስት ክዳንና ከዛገ ቁልፍ ጋር በአንድ ጆንያ ሸጥኩት። ወዴት እንደሄደ በምን ልወቅ?»

አይጥ ለአራተኛ ጊዜ መጣች።

«ምነው፣ አትስቂብኝም?» አለቻት ማዘርቦርድ።

«አልስቅም። ቀዳዳዎችሽን ልቆጥር ነው፤ ምናልባት አንድ ቀን ልኩ ቢመጣ።» ጢሟን እያስገባች፣ አቧራውን እየጠረገች እስኪመሽ ቆጠረች። «ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት። አንድም አልጎደለም።»

«አዎ» አለች ማዘርቦርድ። «ያኔ ብቆጥራቸው ኖሮ።»

መቀመጫውን ሳይለኩ እንግዳ አይጠሩም፤ መጪው ሳይቀመጥ ነባሩን አይሸኙም። ተረቴ ይኸው፤ ያጠፋችሁትን ጣት ዘርጉ፣ እኔም አፌን ልዝጋ።