ከከሰሉ ሥር ያለው

ተረት ተረት ስላችሁ «ጆሯችን ክፍት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

በድሮ ዘመን በአንድ አገር ወሰን ሲከለል፣ ሽማግሌዎች ምልክት ይቀብሩና ድንጋይ ይተክሉበታል። ባለመሬቶቹ ኋላ አስመስለው እንዳይቀብሩ ጀርባቸውን ያዞራሉ። የሚያዩት የሁለቱ ወገን ልጆች ብቻ ናቸው። ሽማግሌ ይሞታል፣ ልጅ ግን ይቆያል ብለው ነው።

ጓንጉል የሚባል ሀብታም ገበሬና እማዋይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጎረቤታሞች ነበሩ። ወሰናቸው ሲከለል የእሱ ልጅ ደርሶና የእሷ ልጅ አንጓች አዩ።

እማዋይሽ ማታ ማታ ገበታ ሲቀርብ ልጇን ምን አየሽ ትላታለች። አንጓች አንድ ሳታስቀር ታወራለች፣ እናት ትሰማለች። የቆየውንም መልሳ ታስወራታለች። በጓንጉል ቤት ሥጋው ሞልቷል፤ ግን ሁሉም በየፊናው ይበላል። ልጅ አፉን ከከፈተ ዝም በል ነው።

ሰባት ዓመት አለፈ። ሽማግሌዎቹ አለቁ። ጓንጉል የእማዋይሽ ማሳ አማረው። የወሰን ምልክት ያለ ዳኛ ቆፍሮ ያየ ይረገማል ስለሚባል መቆፈር ፈራ። ድንጋዩን መንቀል ግን አልፈራም፤ ጉድ እኮ ነው! ምን እንደተቀበረ ልጁን ጠየቀው። ማር በቅቤ አበላው፤ ልጁ ረሳሁት አለ። ክታብ አሰረለት፤ ረሳሁት አለ። አለንጋ ሲያነሳበት «ከሰል ነው መሰለኝ» አለ። ጓንጉል ድንጋዩን ነቅሎ ወደ እማዋይሽ ማሳ ገፋው፤ ከሥሩም ከሰል ቀበረ።

እማዋይሽ ከሰሰች። ማሳው ከሄደ ልጇን የምታበላው የላትም። ዳኛው ከድንጋዩ ሥር ሲያስቆፍሩ ከሰል ወጣ። ጓንጉል ፈገግ አለ። ዳኛው አንጓችን ጠየቋት።

«መጀመሪያ የገል ስባሪ አስገቡ» አለች ልጅቱ። «በላዩ አመድ ነሰነሱ። ከሰሉ መጨረሻ ነው። ቦታውም ከማሳችን ዳር ካለው ዋንዛ ሃያ እርምጃ ነበር።»

ከጓንጉል ከሰል ሥር አፈር ብቻ ተገኘ። ከዋንዛው ሃያ እርምጃ ተቆጥሮ ሲቆፈር ከሰል፣ አመድ፣ ገል እንዳለችው ወጣ። ዳኛው ማሳውን ለእማዋይሽ መለሱ፤ የጓንጉልን የዓመት አዝመራም ጨመሩላት።

ጓንጉል ልጁን ሊመታ እጁን አነሳ። ደርሶ አልሸሸም።

«አባዬ፣ ወሰኑ የተከለለ ዕለት ልነግርህ ሮጬ መጣሁ» አለ። «ዝም በል አልከኝ።»

የጓንጉል እጅ ወረደ። ያን ጊዜ ዳኛው «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» አሉ ይባላል።

የእኔ ይኸው ነው። በሉ፣ አሁን ደግሞ የእናንተን ልስማ።