የእማዋይሽ ግራዋ

ከጉርድ አፋፍ ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ገደል ሥር ችምችም ያለ የግራዋ ጫካ ያገኛል። አገሬው የእማዋይሽ ግራዋ ይለዋል። ዛሬም ወጌሻ ቅጠል ከዚያ ቆርጦ ሲመለስ ያገኘው ሁሉ አስቁሞ ሰላምታ ይጠይቀዋል፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል። ሳይመልስ ካለፈ ገላውን የሚያስነካው የለም።

ዱሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። መድኃኒት የሚቆረጠው ረቡዕና ዓርብ ብቻ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቆራጩም ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ነበር፤ ከተናገረ ቅጠሉ ይሞታል፣ የዚያን ቀን ሌላ ቢቆርጥም አይሠራለትም። በዚያ ዘመን የነበረው ወጌሻ ጓንጉል፣ እባጭ ከመብጣቱ በፊት የታማሚውን ገላ በተፈላ ግራዋ ሦስት ጊዜ ሳያጥብ ምላጭ አያነሣም ነበርና፣ ግራዋን ለጠላ ጋን ማጠቢያ የሚያውቁት ሴቶች «ጓንጉል ደግሞ ሰውን እንደ ጋን ያጥባል» እያሉ ይስቁበት ነበር። ይሳቁ እንጂ እሱ የበጣው ቁስል አመርቅዞ አያውቅም ይባላል።

እንደሚነገረው፣ አንድያ ልጁ እማዋይሽ ጭኗ ላይ እባጭ ወጥቶባት ሳምንት ሙሉ ስታቃስት ሰነበተች። ዓርብ ማለዳ ጓንጉል ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ ቆርጦ፣ አፉን ገጥሞ ሲመለስ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አማቱን እማማ ስንዱን አገኛቸው። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የያዘውን አላዩም፤ ኮቴውን ግን ለዩት።

«ጓንጉል ነህ? ልጄ እንዴት አደረች?»

ዝም ብሎ አለፋቸው። አሮጊቷ ዝምታውን ሲሰሙ ልጅቷ የሞተች መሰላቸውና፣ ነጠላቸውን ጥለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። አንጀቱ አልቻለም።

«ኧረ አለች፣ እማማ! አለች!»

ተናገረ። በእሱ ቤት ቅጠሉ ሞተ፤ እቅፍ ሙሉውን ግራዋ ወደ ገደሉ ወረወረው። እስከ ረቡዕ እንዳይቆይ እባጩ ጠቁሮ ወደ ብሽሽቷ እየወጣ ነበር። በሞተ ቅጠል ከማጠብስ ባላጥብ ይሻላል ብሎ ምላጩን አነሣ።

«አባዬ፣ አላጠብከኝም እኮ» አለችው እማዋይሽ።

«ዛሬ ግድ የለም፣ ዓለሜ» አላት፤ እባጩንም በጣው።

እሑድ ትኩሳቱ ነደደባት፣ ቁስሉም ሸተተ። ረቡዕ ማለዳ ጓንጉል አዲስ ቅጠል ሊቆርጥ ሲነሣ እማዋይሽ ትንፋሽ አልነበራትም።

አርባዋን ባወጣ ማግሥት ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ የወረወረው ግራዋ ከገደሉ ግርጌ ሥር ሰዶ፣ አቆጥቁጦ አገኘው። አንድም ቅርንጫፍ አልደረቀም። ያን ለምለም ቅጠል እያየ እንደ ሴት አልቃሽ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ምላጭ አልያዘም፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ቅጠል የያዘውን አናግሩት፣ ይመልስላችሁ፣ ቅጠሉ ምንም አይሆንም» እያለ ዕድሜውን ጨረሰ። አብዷል አሉት። እውነቱን ነው ያሉት እሱ ከሞተ፣ በዚያው ዝምታ ሳቢያም ሌሎች ልጆች ካለቁ በኋላ ነው።

ጫካው ዛሬ መንገዱን ሊዘጋው ደርሷል። ወጌሻው በዚያ ሲያልፍ የሚጠየቀውም ሌላ ሰላምታ አይደለም፤ የታመመው ሽማግሌም ይሁን ጎልማሳ፣ ሁሉም የሚለው «ልጄ እንዴት አደረች?» ነው።

«አለች!» ይላል ወጌሻው፣ እስከ ወንዙ ድረስ እንዲሰማ አድርጎ። የሚጠየቅላት ልጅ ግን ከተቀበረች ስንት ዘመኗ።