ሁለቱ ዓለምፀሐዮች

አንድ የጤና ጣቢያ ነበር። የሕመምተኞቹ ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የወሰዱበት ቀን ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተመዝግቦ ይቀመጣል። ፋይሉን የምትይዘው ምንትዋብ የምትባል ሠራተኛ ናት፤ አዲስ ሰው ሲመጣ መስመር ትጨምራለች፣ የተሳሳተውን በእጇ ታርማለች። እሷም ሰው ናትና ትስታለች። አንድ ጊዜ ስሙን ከመድኃኒቱ የሚለየውን ነጠላ ሰረዝ ዘልላ የአንዱን ኪኒን በሌላው ስም ላይ አስገባችው። ከዚያ ወዲያ ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ስህተት የሚያጠራ ሶፍትዌር አስመጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ፋይሉን በእጁ የነካ ከሥራ ይሰናበታል» አሉ። ምንትዋብ አልከፋትም፤ እንዲያውም ቀለል አላት።

ሶፍትዌሩ ሥራውን የጀመረው የስሞችን ፊደል አንድ ዓይነት በማድረግ ነበር። ዓይኑን ዐ በአልፋው አ፣ ሐመሩን ሐ በሃሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ተካ። ከዚያ በኋላ ተመሳስለው ያገኛቸውን ስሞች «አንድ ሰው ናቸው» ብሎ አዋሃደ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ዓለምፀሐይ ሠይፉ የስኳር መርፌ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። ፋርማሲስቱ ኮምፒውተሩን አየና፣ «እማማ፣ የዚህን ወር ወስደዋል» አላቸው።

«ማን ወሰደ? እኔ ገና አሁን መምጣቴ ነው!»

«እዚህ ላይ ወስደዋል ይላል።»

«እንግዲያው እዚያ ውስጥ ያለችዋን ውጋት!»

ምንትዋብ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ የወሰደችው ከወንዝ ማዶ የምትኖረው ሌላዋ አለምፀሀይ ሰይፉ ናት። ኃላፊውም ደረሱ። «ለዋናው መሥሪያ ቤት እንጽፋለን። እስኪያስተካክሉት እማማ ይታገሡ» አሉ።

«እሳቸው ቢታገሡ ስኳሩ ይታገሣቸዋል?» አለች ምንትዋብ። ሰው ሁሉ እያየ ፋይሉን ከፈተችው።

«ምንትዋብ፣ ትሰናበቻለሽ!»

«ያሰናብቱኝ። የነካሁት እኔ ነኝ።»

የእማማ ዓለምፀሐይን መስመር በዓይኑ ዐ፣ በሐመሩ ሐ እና በንጉሡ ሠ መልሳ ጻፈችው። «ወስደዋል» የሚለውንም ወደ ማዶዋ አለምፀሀይ መስመር መለሰችው። እማማም መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ።

ምንትዋብ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። «አንቺስ በእጅሽ ተሳስተሽ አታውቂም?» አሏት አቶ ልሳነወርቅ።

«ተሳስቻለሁ። ሶፍትዌሩም ይኑር፤ እኔ የማላየውን ያያል። ግን እኔ ስሳሳት የተበደለው ሰው መጥቶ እኔ ላይ ይጮኻል፤ ሰምቼ አርማለሁ። እማማ ዓለምፀሐይ ማን ላይ ይጩኹ? ነገም እንደሳቸው ያለ ሰው ቢመጣ ፋይሉን እከፍተዋለሁ።»

ኮሚቴው ሊያሰናብታት አልደፈረም፤ ትእዛዝ ጥሳለች ብሎ ግን ቀጣት። ቅጣቱን ተቀበለች፤ ይቅርታ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሩ ሁለት ስም ከማዋሃዱ በፊት ሰው እንዲጠይቅ ተደረገ። የሚጠየቀውም ሰው ራሷ ምንትዋብ ሆነች።

መሣሪያ ድካማችንን ይውሰድልን፤ ኃላፊነታችንን ግን አናስረክበው። ደንብ በሰው ነፍስ ላይ ሲቆም ዝም ብሎ መታዘዝ ከደሙ ንጹሕ አያደርግም። እስቲ እናንተስ፣ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ብላችሁ ከደጃችሁ የመለሳችሁት ሰው የለም?