የእንሽላሊት ጅራት

ተረት ተረት፣ የማር ቤት!

ንቦች ገና እፍኝ ሳሉ፣ ጉንዳን በመጣባቸው ቁጥር ጎረቤታቸውን እንሽላሊትን ይጠሩ ነበር። እሱም ከድንጋዩ እየሮጠ ደርሶ ይለቅምላቸዋል። ቀፎው ሞልቶ ሲገነፍል ግን ቀዳዳው በዛ፤ እንሽላሊት አንዱን ሲያጸዳ ጉንዳን በሌላው ገብቶ እጮቹን ይበላ ጀመር። ንብም እንደ ሰው ውለታ ይረሳልና፣ «ሰነፈ!» እያሉ አሙት።

አንድ ቀን ያለ ጅራቱ መጣ። የንቦቹ ንግሥት ደነገጠች።

«ጅራትህስ?»

«ወደ እናንተ ስሮጥ ጭልፊት ቀማኝ። ምንም አይደል፣ እመቤቴ፤ ጉንዳኑ የታለ?»

ንግሥቲቱም እንዲህ አለችው፤ «ወንድሜ፣ አንተ አልሰነፍክም፤ ቤታችን ነው የሰፋው። ያሰፋኸውም አንተ ነህ። አሁን ጉንዳን በየት በየት እንደሚገባ አሳየንና በራችንን እኛው እንጠብቅ።»

አሳያቸው። በየቀዳዳው ዘበኛ ንቦች ቆሙ።

ከርማ ማር ይዛ ልትጠይቀው ስትሄድ፣ እንሽላሊት ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጅራቱ በቅሎ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ።