ፈረስ የሌለበት የፈረስ በር

ልጆች፣ ቀረብ በሉና በትክክል ስሙኝ። በሩ የዋንዛ ነበር እንጂ የጥድ አልነበረም። ፈረሱም ዳማ ነበር እንጂ ቦራ አልነበረም። ከዚህ አንዱን የሚያዛባ ሰው ተረቱን ባያወራው ይሻለዋል።

በድሮ ዘመን፣ በግንብ በታጠረች አንዲት ከተማ፣ አው ዙበይር የሚባሉ በር የሚቀርጹ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው ቀና፣ አንገታቸው ደንዳና ነበር። የከተማይቱ ገዥ አሚር ሙንተሲር ደግሞ ቁጣቸው ፈጥኖ የሚነድ፣ እንባቸውም ፈጥኖ የሚወርድ ሰው ነበሩ።

አሚሩ የሚወዱት ፈረስ ሞተ። ሰባት ቀን አለቀሱና አው ዙበይርን አስጠሩ።

«ለአዲሱ መስጊድ በር ትሠራለህ። በበሩም ላይ ፈረሴን ትቀርጻለህ።»

«ጌታዬ፣ ነፍስ የሚሰጥ አላህ ብቻ ነው። ነፍስ ያለውን በመስጊድ በር ላይ አልቀርጽም።»

«እንግዲያው ራሱን ብቻ!»

«ራሱም ዓይን አለው።»

«ጅራቱንስ?»

«ብቻውን ዝንብ ሊያባርር ነው፣ ጌታዬ?»

አሚሩ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። «ረመዳን ሲገባ አያለሁ። ፈረሴን በበሩ ላይ ካጣሁት፣ ከተማዬን ለቀህ ትሄዳለህ!»

አው ዙበይር ከግንቡ ውጭ ዘመድ አልነበራቸውም፤ የሚስታቸውም መቃብር እዚያው ነበር። ሲያስቡ ሰነበቱ። በመጨረሻም «ፈረሱን ባልቀርጽ፣ ፈረሱ የሚወደውን ብቀርጽስ?» አሉና መሮአቸውን አነሡ።

ቅጠል ቀረጹ። ከቅጠሉ ሐረግ አወጡ። ከሐረጉ ሌላ ቅጠል አወጡ። እንዲህ እያሉ በሩን ሞሉት።

ረመዳን ገባ፤ አሚሩም መጡ።

«ፈረሴ የታለ?»

«ጌታዬ፣ ይህን ሐረግ በጣትዎ ይከተሉ። ዳር ሲደርሱ ያገኙታል።»

አሚሩ ተከተሉ። ሐረጉ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞሮም ከራሱ ጋር ገጠመ። የቀትር አዛን ተሰማ፤ ሰግደው ተመለሱና ተከተሉ። ከቀትር በኋላ ያለው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ሰግደው ተመለሱና ተከተሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይህ ነገር ዳር የለውም እኮ!»

«ፈረስዎ ምን ይወድ ነበር፣ ጌታዬ?»

«ለምለም ሣርና ሩጫ።»

«ይኸው ሣሩ አያልቅበትም፤ ሜዳውም አያልቅበትም። ታዲያ ለምን ቆሞ ይጠብቅዎታል?»

አሚሩ በጥምጥማቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ የከተማይቱ አናጢዎች ሁሉ በየበሩ ሐረግ ይቀርጹ ጀመር።

ልጆች፣ እምነት አንዱን መንገድ ሲዘጋ፣ ብልህ እጅ ሌላውን ይከፍታል።

አሚሩ አው ዙበይርን ካባ ሸለሟቸው፤ ተቀበሉ። በቅሎ ሰጧቸው፤ ተቀበሉ። «የዚህ መስክ ፈጣሪ አው ዙበይር» ተብሎ በበሩ ላይ እንዲጻፍ አዘዙ፤ ይህን አው ዙበይር አልተቀበሉም።